ከደህናው ዓይን

በኬረላ ዳርቻ፣ በሰኔ፣ ባሕሩ ለጀልባ ሲዘጋ፣
ታንኳው ሁሉ ተደፍቶ ከኮኮናት ሥር ሲጠጋ፣
አንድ ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ፣
የተቀደደ መረቤን በጀርባዬ አዝዬ
ከዴቫሲ ደጅ ቆምኩኝ፣ ቀስ ብዬ "አባቴ" ብዬ።

ስምንት ወር ሙሉ ያን ደጅ ሸሽቻለሁ፤
ገበያ ሲወጣ ባየው በሌላ መንገድ ዞሬያለሁ።
ከልጁ ጋር ወጥቼ
ብቻዬን ነኝ የገባሁ፣ ከማዕበል ተርፌ መጥቼ።
አንታፓን ቀረ። እኔ ቫርኪ አለሁ።
ይህን የመሰለ ሒሳብ ለአባት እንዴት አስረዳለሁ?

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየኝ፤ አልተቆጣም፣ አልሳቀም፤
"አምጣው" አለ። ሌላ አልጠየቀም።
ከበረንዳው ጫፍ ቁጭ አልን፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን፣
መረቡን በመሃላችን እንደ በሽተኛ አጋድመን።

በተከፈተው በር የልበ ኢየሱስ ሥዕል ይታያል፤
ከሥሩ ያለችው ቀይ አምፖል ከተቃጠለች ከርማለች፣ ማን ይቀይራታል?
ትሬሲያ ማታ ማታ እዚያ ጨለማ ውስጥ ትንበረከካለች፤
ባሏ ወደ ውጭ ሲወጣ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች።
እሱም ደጅ ቆሞ ይከተላታል፣ ይሄዳል እስከ "ፈቃድህ"፤
እዚያ ላይ ጉሮሮው ይዘጋል። ምን ይበል? ልጁን ወሰድህ።

እኔም ያው ነኝ። እሑድ እሑድ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ እሄዳለሁ፤
ጫማዬን አወልቅና መልሼ አጠልቃለሁ።
ደክሞናል። ባሕሩ ቤት ይበላል በየክረምቱ፤
ሰርዲኑ ከዳን፤ ለብዙው ሰው የአራጣ ደብተር ነው ሀብቱ።
አባ ሲሪያክ እንኳ ሲሰብኩ ዓረፍተ ነገሩ ይጠፋቸዋል፤
ባዶውን ወንበር ያዩና፣ ላባቸውን ጠርገው "አሜን" ይላሉ፣ ያበቃል።

መርፌውን አንስቼ ከትልቁ ቀዳዳ ልጀምር ስል
እጄን ያዘኝ፣ እንዳልቸኩል።
"ከቀዳዳው አይጀመርም" አለ፤ "ምን ላይ ልታስር ነው?
ባዶ ላይ ቋጠሮ አይቆምም፤ ክርን የሚይዘው ክር ነው።
ወደ ኋላ ሂድ። ያልተበጠሰ ዓይን ፈልግ፤ አንድ ይበቃል።
ከደህናው ዓይን የተነሣ ክር ቀዳዳውን ይሻገራል።"

ፈለግን። ጣቶቹ ዳሰሱ፣ ዓይነ ስውር እንደሚያነብ፤
ድንገት ቆሙ። ከመረቡ ጠርዝ፣ ከቡሹ አጠገብ፣
አንድ ቋጠሮ፤ ወደ ግራ የዞረ፣ ድርብ።
ግራኝ ነበር አንታፓን። በዚህ ሁሉ ዳርቻ
እንዲያ የሚቋጥር እሱ ነበር፤ እሱ ብቻ።

ሽማግሌው አልፈታውም። አልሳመውም። አላለቀሰም።
አውራ ጣቱን አሳርፎበት ቆየ፤ እኔም አልተነፈስኩም።
"ይኸውልህ ደህናው ዓይን" አለ። "ይሄ ነው መነሻ።"
ክሩን ሲያሳልፍ ከንፈሩ ተላወሰ፣ ሕፃን እንደሚጠብቅ ጉርሻ።

"አባታችን ሆይ" አለ፣ በየቋጠሮው አንድ አንድ ቃል፤
"ፈቃድህ" ላይ እጁ ቆመ። አሁን ይቆረጣል
አልኩ በልቤ። አልተቆረጠም። ያችን ቃል እንደ ቀዳዳ
ዘለላትና፣ ማዶ ካለው ዓይን ያዘ፣ ከዚያኛው ሜዳ።
"ስጠን ዛሬ" አለ። ነገን አልጠየቀም።
ዛሬን ብቻ ለመነ፤ ድምፁም አልተንቀጠቀጠም።

እኔም ሌላውን ጫፍ እንደያዝኩ "በደላችንን" አልኩኝ፤
መቀጠል አቃተኝ፤ በሕይወት በመኖሬ አፈርኩኝ።
እሱ ግን ክሩን ሳይለቅ፣ ዓይኑን ከመረቡ ሳያነሣ፣
"ይቅር በለን" ብሎ ጨረሰልኝ፤ ተሸከመልኝ የእኔን አበሳ።

ረፋዱ ላይ ዝናቡ አባራ። የባሕሩ ያው ነው ማጓራቱ፤
ዕዳውም አለ፤ ዓሣው አልተመለሰም፤ አልቀለለም ክረምቱ።
ትሬሲያ ሻይ ይዛ ወጣች። ሦስት ትቀዳለች ሁልጊዜ፣
አንዱን መልሳ ትደፋለች፣ ሲቀዘቅዝ፣ በትካዜ።
ዛሬ ሦስተኛውን ለእኔ ሰጠችኝ።
ሲያቃጥለኝ ምላሴን
አወቅሁ መመለሴን።

መረቡ ግማሹ ገና ቀዳዳ ነው። ነገ እመጣለሁ።
ከደጁ ስወጣ የሽማግሌውን ድምፅ ከኋላዬ እሰማለሁ፤
ወደ ዘለላት ቃል ተመልሶ፣ ክሩን ከማዶ እየሳበ፣
"ፈቃድህ…" ይላል። ይተነፍሳል። ደግሞ "ፈቃድህ…"
አልጨረሳትም። ግን ቀረበ።